ወንድሜ የሚያየውን እኔ ለምን አላይም?

አንዲት ጠያቂ ከአዲስ አበባ እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦

«ወንድሜ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው። በየሳምንቱ በቪዲዮ እናወራለን። የአገር ጉዳይ ከተነሳ ግን ሁሌም በጭቅጭቅ ነው የምንለያየው። ‹ይሄን እንዴት አላየሽም? ሰው ሁሉ የሚያወራው እኮ ስለዚህ ነው› ይለኛል። እኔ ስልክ ላይ ጭራሽ አልመጣም። እኔ ያየሁትን ደግሞ እሱ ሰምቶትም አያውቅም። ፌስቡክና ዩቲዩብ ሆን ብለው እየደበቁን ነው? ስልካችንስ ወሬያችንን ይሰማል? በቀደም ከጓደኛዬ ጋር ስለ ፍሪጅ አውርተን ማታውኑ የፍሪጅ ማስታወቂያ መጣብኝ። ሂስትሪ አጠፋሁ፣ ኢንኮግኒቶ ሞከርኩ፣ ቪፒኤን ጫንኩ። ለውጥ የለም። ምን ላድርግ?»

ከስልኩ ልጀምር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተይዞ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ፌስቡክ በማይክ እየሰማ ማስታወቂያ ያመጣል ለሚለው እስካሁን አሳማኝ ማስረጃ አልቀረበም። በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው ውጤቱን በ2018 አሳውቀዋል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። ማይክ በድብቅ ከፍቶ ድምፅ የሚልክ አፕ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ አፖች ተጠቃሚው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን እየቀረጹ ለሌላ ኩባንያ ይልኩ ነበር።

ታዲያ ፍሪጁ ከየት መጣ? ጓደኛዎ ቀደም ብላ ፍሪጅ ስታፈላልግ ሰንብታ ሊሆን ይችላል። የሁለታችሁ ስልክ አንድ ዋይፋይ ላይ ውሎ ይሆናል። ቁጥሮቻችሁ አንዳችሁ የሌላችሁ ስልክ ውስጥ አሉ፤ አፑ ኮንታክት እንዲያይ ከፈቀዳችሁ ማን ከማን ጋር እንደሚተዋወቅ ያውቃል። ብዙ የሽያጭ ድረ ገጾች ደግሞ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው የሜታ ኩባንያ መከታተያ ኮድ አላቸው። ማን ምን እንዳየ ለፌስቡክ ያሳውቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር ማይክ አያስፈልግም። ሌላም አለ፤ ስለ ፍሪጅ ባያወሩ ኖሮ ያ ማስታወቂያ ሳያስተውሉት ያልፍ ነበር። ይህን ክትትል መቀነስ ይቻላል። ፌስቡክ ሰቲንግ ውስጥ ከሜታ ውጪ ያደረጉትን እንቅስቃሴ የሚያሳይ ቦታ አለ። ገብተው ያቋርጡት። የኮንታክት ፈቃዱንም ይንሱት። የማስታወቂያው ብዛት አይቀንስም፤ የልብዎን የሚያውቅ መምሰሉ ግን ይቀንሳል።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ሆን ብለው ይደብቁናል ወይ? የእርስዎን ስም ይዞ «ይህን እንዳታሳዩዋት» ያለ ሰው የለም። ነገር ግን ከዓይንዎ የሚርቅ ብዙ ነገር አለ፤ የሚርቀውም በወረፋ ነው። ፌስቡክ ራሱ በ2013 እንደገለጸው፣ አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት በአማካይ 1,500 ያህል ሊታዩ የሚችሉ ፖስቶች ይጠብቁታል። ከእነዚህ በቀን 300 ያህሉን ያስቀድማል። የቀረው አልተከለከለም። ታች ነው ያለው፤ እስከዚያ ድረስ ስክሮል የሚያደርግ ሰው ደግሞ የለም ማለት ይቻላል። ዩቲዩብም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። ከሚሊዮኖች ቪዲዮ መጀመሪያ ጥቂት መቶዎችን ይለያል፤ ከዚያ እነሱን ለእርስዎ በደረጃ ያስቀምጣል። በ2018 መጀመሪያ የዩቲዩብ የምርት ኃላፊ የነበሩት ኒል ሞሃን እንደተናገሩት፣ ሰው ዩቲዩብ ላይ ከሚያሳልፈው የማየት ጊዜ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ማሽኑ መርጦ ባቀረበው ቪዲዮ ነው። ራሳችን ፈልገን የምናየው ትንሹ ነው።

ወረፋውን የሚወስነው ግምት ነው። ይህን ባሳያት ትቆያለች? ኮሜንት ትጽፋለች? ለሌላ ሰው ትልከዋለች? የሰፈር ባለሱቅም የሚገዙትን ያውቃል፤ ገና ሲያይዎት የለመዱትን ዘይት ያወርዳል። ባለሱቁ ግን የሚያተርፈው ገዝተው ሲሄዱ ነው። ፊዱ፣ ማለትም ስክሮል የሚያደርጉት የፖስት ወረፋ፣ የሚያተርፈው ሳይሄዱ ሲቀሩ ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ዩቲዩብ በ2012 ጠቅታ መቁጠሩን ቀንሶ ሰው ስንት ደቂቃ እንደተመለከተ ማስላት ጀመረ። ቪዲዮዎች የረዘሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ፌስቡክ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የስሜት ምልክቶቹን ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ አድርጎ ይመዝን ነበር። የንዴቷም ፊት ከእነሱ አንዷ ነበረች። በ2021 የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንደሚያሳዩት፣ የራሱ ተመራማሪዎች ንዴት የበዛበት ፖስት ሐሰተኛ መረጃ የመያዝ ዕድሉ ከፍ እንደሚል አስጠንቅቀው ነበር። የንዴት ምልክት ክብደቱ ዜሮ የተደረገው በ2020 ነው። በመሀል ያለፉት ዓመታት ለእኛ አገር ምን ዓይነት ዓመታት እንደነበሩ ላስታውስዎት አያስፈልግም።

እንግዲህ የሁለታችሁን አንድ ምሽት እንመልከት። የሆነ ከተማ ውስጥ ግጭት ተነሳ እንበል። እርስዎ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ሆነው ፌስቡክ ከፈቱ። ጎረቤት ሼር ያደረገችው ቪዲዮ መጣ። ውሸት መሰለዎትና ተናደዱ። ቢሆንም እስከ መጨረሻው አዩት። ኮሜንቶቹን ከፍተው አነበቡ። አንዱ ላይ «ኧረ ተዉ እንጂ!» ብለው ጻፉ። ለእርስዎ ይህ ተቃውሞ ነው። ለማሽኑ ግን ሙሉ ዕይታ ነው፣ ኮሜንት መክፈት ነው፣ ኮሜንት መጻፍ ነው። ሦስቱም «ይህ ነገር ይይዛታል» የሚል መልእክት አላቸው። በማግስቱ ተመሳሳዩ ይመጣልዎታል።

በዚያ ሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ቀን ነው፤ ወንድምዎ ሥራ ላይ ናቸው። ወጥተው ስልካቸውን ሲከፍቱ አዲስ አበባ እኩለ ሌሊት ሆኗል። ጥሬው ዜና አርጅቷል። የሚደርሳቸው የአንድ ባለቻናል የአንድ ሰዓት ትንታኔ ነው፤ ርዕሱ ላይ «ሰበር» ተጽፎበታል። የመጣላቸው ባለፈው ሳምንት የዚያኑ ሰው ሁለት ቪዲዮ መኪና ውስጥ እያዳመጡ ስለጨረሱ ነው። አስተዋዋቂዎች ደግሞ ለአሜሪካ ተመልካች የሚከፍሉት ለኢትዮጵያው ከሚከፍሉት ይበልጣል። ስለዚህ ብዙ ባለቻናል ርዕሱን ሲጽፍ ዲያስፖራውን ያስባል። እሁድ ስትደዋወሉ የምታወሩት ስለ አንድ ክስተት ይመስላችኋል። የያዛችሁት ግን ሁለት የተለያየ ታሪክ ነው። «ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለዚህ ነው» ያሉት ዋሽተው አይደለም። እሳቸው ስልክ ላይ ሰው ሁሉ በእርግጥ ስለዚያ ያወራል።

ይህን ካልኩ በኋላ አንድ የተለመደ ማጋነን ማረም አለብኝ። ሁሉንም ጥፋት አልጎሪዝም (ወረፋውን የሚያወጣው የማሽኑ ስሌት) ላይ መጣል ልክ አይደለም። በ2015 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የፖለቲካ አቋማቸውን የገለጹ 10.1 ሚሊዮን አሜሪካውያንን የፌስቡክ ዳታ ተመልክቷል። ተቃራኒ ሐሳብን በዋናነት የሚያጣራው የጓደኞቻችን ስብጥር ነው፤ ቀጥሎ እኛው ራሳችን ሳንከፍት የምናልፈው ነው፤ የአልጎሪዝሙ ድርሻ ከሁለቱም ያነሰ ነው ይላል። ተመራማሪዎቹ የፌስቡክ ሠራተኞች መሆናቸውን ልብ ይበሉ። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ2020ው የአሜሪካ ምርጫ ወቅት የአንዳንድ ተጠቃሚዎችን ፊድ ለሦስት ወር በጊዜ ቅደም ተከተል አድርጎ ሞክሯል። ሰዎቹ ፌስቡክ ላይ የሚቆዩበት ጊዜ ቀነሰ። ስድብና ብልግና ያለበት ፖስት አነሰላቸው። ነገር ግን የፖለቲካ ወሬና የማይታመን ምንጭ በዛባቸው። የፖለቲካ አመለካከታቸው ሲለካ ደግሞ የረባ ለውጥ አልታየም። «አልጎሪዝሙን ብቻ አጥፉት፣ ሰላም ይወርዳል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት።

ሆኖም የአሜሪካን ውጤት እንዳለ ወደ እኛ ማምጣትም አደገኛ ነው። ሦስት ወር አጭር ነው። እዚያ በእንግሊዝኛ የሚጻፈውን የሚቆጣጠረው ሰውና ማሽን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ካለው ጋር አይወዳደርም። በኅዳር 2021 አንድ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቤታቸው ደጅ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ፎቷቸው ከውንጀላ ጋር ፌስቡክ ላይ ተለጥፎ ነበር። ልጃቸውና ሌሎች ከሳሾች በታኅሣሥ 2022 ሜታን ናይሮቢ በሚገኘው የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክሱ ፖስቶቹ ለኩባንያው ሪፖርት ተደርገው ነበር ይላል፤ የፊዱ አሠራር ጥላቻን እንደሚያስፋፋም ይገልጻል። ሜታ ኬንያ ውስጥ ልከሰስ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2025 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ይህ ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ክርክሩ ይቀጥላል ማለት ነው። እኔ ግን ይህ ጉዳይ አንድ ነገር በግልጽ ያሳያል ብዬ አምናለሁ። ወረፋ የሚያወጣ ማሽን በማይገባው ቋንቋ ውስጥ ሲሠራ ዋጋው በሰው ሕይወት ሊከፈል ይችላል።

የሞከሯቸው ነገሮች ለምን እንዳልሠሩ ላስረዳ። ኢንኮግኒቶ ታሪክዎን እርስዎ ስልክ ላይ አያስቀምጥም፤ ይኸው ነው። ድረ ገጾች ያሉበትን አካባቢና ቋንቋዎን ያያሉ። ጎግል በዚህ ተከሶ በ2024 በኢንኮግኒቶ የተሰበሰበ ዳታ ለማጥፋት ተስማምቷል። ፌስቡክ ወይም ዩቲዩብ ውስጥ በአካውንትዎ ከገቡ ደግሞ ኢንኮግኒቶም ሆነ ቪፒኤን ማንነትዎን አይቀይሩትም። ቪፒኤን ለእነሱ የሚቀይረው ያሉበት የሚመስለውን አገር ነው። ሂስትሪ አጠፋሁ ያሉት የክሮምን ከሆነ፣ የዩቲዩብ አካውንትዎ ሂስትሪ ሌላ ቦታ ተቀምጧል፤ አልተነካም።

ስለ ጎግል ፍለጋም ልጨምር፤ እዚህም ግራ መጋባት አለ። ጎግል በ2009 መጨረሻ አካውንት ለሌለው ሰው ጭምር በ180 ቀን የፍለጋ ታሪክ ውጤት መለየት ጀምሮ ነበር። ዛሬ ግን የእርስዎንና የወንድምዎን ውጤት ይበልጥ የሚለያየው ቦታና ቋንቋ ነው። በአማርኛ የተጻፈው ነገር ጥቂት ስለሆነ ማሽኑ የሚመርጥበት ሰፊ ክምችት የለውም፤ ያለውን ያቀርባል። «ፀጥታ» እና «ጸጥታ» ብለው ሁለቱንም ይፈልጉ፤ ውጤቱ ሊለያይ ይችላል። ያ ደባ አይደለም፤ የፊደል ጉዳይ ነው።

የሚሠሩ መንገዶች አሉ። ዩቲዩብ ላይ የአካውንትዎን ዎች ሂስትሪ አጥፍተው ይዝጉት። ከነሐሴ 2023 ወዲህ ይህን ያደረገ ሰው የመጀመሪያ ገጹ ባዶ ይሆናል፤ ሰብስክራይብ ያደረጉትን ሄደው ያያሉ። እኔ በብዛት የምመክረው ይህን ነው። ዳታም ይቆጥባል። ፌስቡክ ከ2022 ጀምሮ «ፊድስ» የሚል ክፍል አለው፤ የጓደኛና የገጽ ፖስት በጊዜ ቅደም ተከተል ያሳያል። አፑን በከፈቱ ቁጥር ግን እንደገና መሄድ አለብዎት። ኤክስ (የቀድሞው ትዊተር) ላይ «ፎሎዊንግ» የሚለውን ይምረጡ። ቲክቶክና ኢንስታግራም ምክራቸውን ከዜሮ የማስጀመሪያ ቁልፍ አላቸው። ከዜሮ ሲጀምሩ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆዩበት ነገር በሙሉ አዲሱን ፊድ ይቀርጻል።

«ኖት ኢንተረስትድ» የሚለውን መጫን ብዙ አይረዳም። የፋየርፎክስ ብራውዘር ባለቤት ሞዚላ በ2022 ከ20,000 በላይ የዩቲዩብ ተጠቃሚዎችን ተከታትሎ ይህ ቁልፍ ከማይፈለጉ ምክሮች 11 በመቶውን ብቻ እንዳስቀረ አግኝቷል። «ዶንት ሪኮሜንድ ቻናል» ይሻላል፤ 43 በመቶ አስቀርቷል። ከግማሽ በላዩ ያም ሆኖ ይመጣል ማለት ነው። አውሮፓ ያለ ዘመድ ካለዎት የተሻለ መብት አለው። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ ትልልቆቹ መድረኮች በግል መረጃ ላይ ያልተመሠረተ ፊድ እንዲያቀርቡ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ያስገድዳል። ያ ሕግ አዲስ አበባንም ወንድምዎ ያሉበትን ሜሪላንድንም አይሸፍንም።

«ቴሌግራም ላይ ብቻ ልሁን?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የቴሌግራም ቻናል ፖስቶች በጊዜያቸው ነው የሚመጡት፤ ይህ ጥሩ ነው። ግን አሥር ቻናል ተከትለው አሥሩም አንድ ወገን ከሆኑ ያለ ምንም ማሽን ራስዎን አጥረዋል። ፎርዋርድ እየተደረገ የሚመጣ ወሬ ደግሞ መነሻው ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ዜና ከፊድ አይውሰዱ። ፊዱን ለሠርግ ፎቶ፣ ለምግብ አሠራር፣ ለጓደኛ ወሬ ይተዉት። ለዜና በስም የሚያውቋቸውን ሦስት ወይም አራት ምንጮች መርጠው ራስዎ ሄደው ይክፈቱ። ለምሳሌ ሪፖርተር ጋዜጣ፣ ቢቢሲ አማርኛ፣ ዶቼ ቬለ አማርኛ። ከእርስዎ አመለካከት የሚርቅ አንድ ይጨምሩበት። እነዚህ አይሳሳቱም፣ ወገንተኛም አይደሉም እያልኩ አይደለም። ጥቅማቸው ሌላ ነው። የጋዜጣም ሆነ የሬዲዮ ዜና ለእርስዎም ለወንድምዎም አንድ ነው፤ ማን እንደሚያነበው ወይም እንደሚያዳምጠው አይቶ አይለወጥም። ከወንድምዎ ጋር ከምርጫው ሁለቱን አብራችሁ ተስማሙበትና ከመደዋወላችሁ በፊት ሁለታችሁም አንብቡ። የምትጨቃጨቁበት እንኳ ቢሆን ሁለታችሁም ባያችሁት ነገር ላይ ይሁን።

ተቃራኒውን ወገን ለማወቅ ብለው በጣም የሚጮኸውን ቻናል እንዳይከፍቱ አጥብቄ አስጠነቅቃለሁ። በ2018 የታተመ የአሜሪካ ጥናት የትዊተር ተጠቃሚዎችን ለአንድ ወር የተቃራኒ ወገን ፖስቶችን እንዲከታተሉ አድርጎ ነበር። ሪፐብሊካኖቹ ይበልጥ ወደ ራሳቸው ጥግ ሄዱ። ዲሞክራቶቹም አልተቀራረቡም። የሌላውን ወገን ሐሳብ በሰከነ አንደበት ከሚያቀርብ ሰው ይስሙት። የሚያናድድዎትን ቪዲዮ ደግሞ ለመቃወም ብለው እንኳ እስከ መጨረሻው አይዩት፤ ሼርም አያድርጉት። ስለ ይዘቱ ለሰው መንገር ካስፈለገዎት በራስዎ ቃል ይንገሩ።

ይህ ሁሉ ከወንድምዎ ጋር ያላችሁን ልዩነት ያጠፋዋል ብዬ ቃል አልገባም። እሳቸው ከአገር የራቁ ሰው ናቸው፣ እርስዎ በየቀኑ ኑሮው ውስጥ ነዎት። አንዳንዱ አለመስማማት እውነተኛ ነው፤ ከስልክ አልመጣም። የትኛው እውነተኛ፣ የትኛው ፊዱ የፈጠረው እንደሆነ ለመለየት ግን ቀላል ዘዴ አለ። በሚቀጥለው ጥሪ «ይሄን እንዴት አላየሽም?» ሲሉዎት አይከራከሩ። ሊንኩን እንዲልኩልዎ ይጠይቁ። እርስዎም የእርስዎን ይላኩ። ሁለታችሁም ማን እንደተናገረው፣ መቼ እንደተቀረጸና መጀመሪያ የት እንደወጣ ተመልከቱ፤ ወሬውን ከዚያ በኋላ ቀጥሉ። ይህን ለማድረግ ምንም ሰቲንግ መንካት አያስፈልግም፤ በዚሁ ሳምንት ይጀምሩት። የዩቲዩቡን ሂስትሪ ደግሞ ዛሬውኑ ይዝጉት።